ከስስ ሽፋን የሚወጣ አንቲባዮቲክ፦ ዋናው ጥያቄ መቼ ያልቃል ነው

አንቲባዮቲክ ስንውጥ መድኃኒቱ የሚሄደው የታመመው ቦታ ብቻ አይደለም። ከአንጀት ወደ ደም ይገባል፤ ደም ደግሞ ሁሉም ጋ ያደርሰዋል። ኢንፌክሽኑ ያለው ጥፍር በምታህል የአጥንት ገጽ ላይ ቢሆንም ኩላሊቱም፣ ጉበቱም፣ ቆዳውም ድርሻቸውን ይወስዳሉ።

አብዛኛውን ጊዜ ይህ ችግር የለውም። የሳንባ ምች የያዘው ሰው በኪኒን ወይም በመርፌ ይድናል። ጣጣው የሚመጣው ሰውነት ውስጥ ባዕድ ነገር ሲገባ ነው። የተሰበረ አጥንት በብረት ይታሰራል። ያለቀ የዳሌ መገጣጠሚያ በሰው ሠራሽ ይተካል። የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ ከቆዳ ሥር ይቀበራል። ብረትና ፕላስቲክ የደም ሥር የላቸውም። ስለዚህ በደም የሚጓዘው መድኃኒት ገጻቸው ላይ የሚደርሰው በዙሪያቸው ካለው ሥጋ እየሰረገ ነው። ያ ሥጋ ደግሞ በቀዶ ጥገናው ተጎድቷል፤ የደም ዝውውሩም ቀንሷል። መድኃኒቱ በጣም በሚፈለግበት ቦታ ላይ በጣም ያንሳል ማለት ነው።

ባክቴሪያ ግን እንዲህ ያለ ቦታ ይመቸዋል። አንቶኒ ግሪስቲና የተባለው የአጥንት ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1987 ነገሩን የገጽ ሽሚያ አድርጎ ገልጾታል። አዲሱ ብረት ሰውነት ውስጥ እንደገባ የሰውየው ሕዋሳትና ባክቴሪያዎች ገጹን ለመያዝ ይሽቀዳደማሉ። ሕዋሳቱ ከቀደሙ ብረቱ ከሥጋው ጋር ይዋሃዳል። ባክቴሪያዎቹ ከቀደሙ ግን ራሳቸውን በሚያጣብቅ ዝልግልግ ነገር ሸፍነው ይሰፍራሉ። ይህ ሰፈራ ባዮፊልም ይባላል። በባዮፊልም ውስጥ ያለ ባክቴሪያን ለመግደል፣ ፈሳሽ ውስጥ ለብቻው የሚንሳፈፈውን ከሚገድለው መጠን ከ10 እስከ 1,000 እጥፍ የሚደርስ መድኃኒት ሊያስፈልግ ይችላል።

እንግዲህ በደም ውስጥ ያለውን መጠን 1,000 እጥፍ እናድርግ ማለት አይቻልም። ጄንታማይሲንን እንውሰድ። ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ የሚገድል ጎበዝ መድኃኒት ነው፤ ነገር ግን በደም ውስጥ ሲበዛ ኩላሊትን ይጎዳል፣ የውስጠኛውን ጆሮ ሕዋሳት ይገድላል። የጆሮው ጉዳት ብዙውን ጊዜ አይመለስም። ስለዚህ ሐኪሙ መጠኑን ከፍ ማድረግ የሚችለው እስከተወሰነ ድረስ ነው።

መፍትሔው ሲነገር ቀላል ይመስላል፦ መድኃኒቱን ብረቱ ላይ አስቀምጠው። ገጹ ላይ በጣም ብዙ ይሁን፣ ደም ውስጥ እዚህ ግባ የማይባል ይሁን። ለዚህ የሚያገለግለው አንዱ መንገድ መድኃኒት የያዘ ስስ የፖሊመር ሽፋን፣ ማለትም ፊልም ነው። ማስቀመጡ ያን ያህል ከባድ አይደለም። ከባዱ መድኃኒቱ በፈለግነው ፍጥነት እንዲወጣ ማድረግ ነው። ከዚያም የከፋው ከባድ ነገር በፈለግነው ጊዜ እንዲያልቅ ማድረግ ነው። ስለዚህኛው ብዙ ሲወራ አይሰማም፤ እኔ ግን የዚህ ሥራ ሁሉ ልብ እሱ ይመስለኛል።

ፊልሙ እንዴት ይሠራል?

ፖሊመር ማለት አንድ ትንሽ ሞለኪውል በመቶዎችና በሺዎች እየተደጋገመ የተቀጠለበት ረጅም ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቶቹ ጠጣር ፊልም ሲሆኑ ቀጥ ብለው አይደረደሩም፤ እንደተወሳሰበ የክር ጉንጉን ይጠላለፋሉ። በመካከላቸው በጣም ጠባብ ክፍተቶች ይቀራሉ። መድኃኒቱ የሚቀመጠውም፣ የሚወጣውም በእነዚህ ክፍተቶች ነው።

በቤተ ሙከራ የተለመደው አሠራር እንዲህ ነው። ፖሊመሩ አሴቶንን በመሰለ ፈሳሽ ውስጥ ይሟሟል። አንቲባዮቲኩ ይጨመርበትና ይማሰላል። ድብልቁ ጠፍጣፋ ሳህን ላይ ይፈስሳል፣ ወይም ብረቱ ራሱ ይነከርበታል፣ ወይም ይረጭበታል። ከዚያ ፈሳሹ ይተንናል። የሚቀረው ብዙ ጊዜ ከአሥር እስከ ጥቂት መቶ ማይክሮሜትር የሚወፍር ፊልም ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት ወደ 70 ማይክሮሜትር ስለሚጠጋ፣ ምን ያህል ስስ እንደሆነ መገመት ይቻላል።

እዚህ ላይ አንድ ትንሽ የምትመስል ነገር ሁሉን ትቀይራለች፦ ፈሳሹ የሚተንበት ፍጥነት። ቀስ ብሎ ሲተን መድኃኒቱ አብሮት ወደ ላይ እየተሳበ ገጹ ላይ ሊከማች ይችላል። ፖሊመሩና መድኃኒቱ የማይዋደዱ ከሆኑ ደግሞ መድኃኒቱ ተለይቶ ጥቃቅን እንክብል እየሠራ ይቀመጣል። በዓይን ሲታዩ አንድ ዓይነት የሆኑ፣ ተመሳሳይ መጠን መድኃኒት የያዙ ሁለት ፊልሞች ውኃ ውስጥ ሲገቡ አንደኛው በአንድ ቀን ሊጨርስ፣ ሌላኛው ደግሞ ሦስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል።

መድኃኒቱ በምን መንገድ ይወጣል?

አንደኛው መንገድ ተፈጥሯዊ ጉዞ ነው። ማንኛውም የሟሟ ነገር ከበዛበት ቦታ ወዳነሰበት ይሄዳል። ፊልሙ ውስጥ መድኃኒት ብዙ ነው፣ ውጭ ያለው ፈሳሽ ውስጥ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ይወጣል። መጀመሪያ የሚወጣው ገጹ ላይ ያለው ነው፤ የሚያግደው ነገር ስለሌለ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ዘርገፍ ይላል። ከዚያ በኋላ የሚወጣው ከውስጥ ስለሚመጣ የሚጓዘው ርቀት በየጊዜው ይረዝማል። መውጫው እየዘገየ ይሄዳል።

ይህን ነገር በሒሳብ ያስቀመጠው ታኬሩ ሂጉቺ የተባለው የመድኃኒት ሳይንቲስት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1961። ቀመሩ የሚለው በአጭሩ ይህ ነው፦ የወጣው መድኃኒት ድምር የሚያድገው ከጊዜው ጋር እኩል ሳይሆን ከጊዜው ካሬ ሥር ጋር ነው። በአንድ ቀን 10 ሚሊግራም ከወጣ፣ 20 ለመሙላት አራት ቀን ይፈጃል። 30 ለመሙላት ዘጠኝ ቀን። ማለትም በመጀመሪያው ቀን 10 የሰጠን ፊልም በዘጠነኛው ቀን የሚሰጠው ሁለት እንኳ አይሞላም። ፊልሙን ማወፈርም እንደምናስበው አይደለም። ውፍረቱን እጥፍ ስናደርገው መድኃኒቱ ወጥቶ የሚያልቅበት ጊዜ በግምት አራት እጥፍ ይሆናል።

ሁለተኛው መንገድ ማበጥ ነው። ጄላቲን፣ ካይቶሳን፣ አልጂኔት የመሳሰሉ ውኃ ወዳድ ፖሊመሮች እርጥበት ሲያገኙ ይነፋሉ። ሰንሰለቶቹ ይራራቃሉ፣ ክፍተቱ ይሰፋል፣ መድኃኒቱ ይፈታል። ይህን ለማዘግየት ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ በኬሚካል ይታሰራሉ። ብዙ ማሰሪያ ካለ እብጠቱ ያንሳል፣ መድኃኒቱም ይቆያል።

ሦስተኛው መንገድ የፖሊመሩ ራሱ መፍረስ ነው። ይኼኛው ትንሽ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል። ብዙ ተመራማሪ የሚሠራበት ፒ.ኤል.ጂ.ኤ. የተባለ ፖሊመር አለ። የተሠራው ከላክቲክ አሲድና ከግላይኮሊክ አሲድ ነው። ውኃ ሲያገኘው ሰንሰለቱ ይቆራረጣል፣ መጨረሻ ላይ ወደነዚያው ሁለት አሲዶች ይመለሳል። ሰውነታችን ሁለቱንም ወደ ውኃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለውጦ ያስወጣቸዋል። በሰውነት ውስጥ የሚሟሙ የቀዶ ጥገና ክሮች ከዚሁ ቤተሰብ ናቸው፤ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሲሠራባቸው ኖሯል።

ሁለቱ አሲዶች የተቀላቀሉበት መጠን ዕድሜውን ይወስናል። ግማሽ በግማሽ የሆነው ብዙውን ጊዜ በአንድና ሁለት ወር ውስጥ ይፈርሳል። ላክቲክ አሲድ እየበዛ ሲሄድ ይቆያል፤ ላክቲክ አሲድ ብቻ ከሆነ ከዓመት በላይ ሊሄድ ይችላል። እስካሁን ነገሩ ቀና ነው። ነገር ግን ፒ.ኤል.ጂ.ኤ. አንድ ያልተጠበቀ ጠባይ አለው፤ ወፍራም ሲሆን ከውጭ ወደ ውስጥ አይፈርስም። ውስጡ ይቀድማል። ሲቆራረጥ የሚፈጠረው አሲድ ገጹ አካባቢ በቀላሉ ታጥቦ ይሄዳል፤ መሐል ያለው ግን ይታፈናል። የታፈነው አሲድ ደግሞ መቆራረጡን ያፋጥነዋል። ስለዚህ ውጩ ደህና የሚመስል፣ ውስጡ የበሰበሰ ነገር ይሆናል። አንድ ቀን ቅርፊቱ ሲሰነጠቅ የቀረው መድኃኒት በአንድ ጊዜ ይፈስሳል። በጣም ስስ የሆነ ፊልም ግን አሲዱን በቀላሉ ስለሚያስወጣ፣ ከወፍራሙ ዘግይቶ ሊፈርስ ይችላል። ስስ ነገር ቶሎ ያልቃል ብለን ስለምናስብ ይህ ግር ያሰኛል፤ የሚያስደስተኝም ለዚሁ ነው።

በእውነተኛ ፊልም ውስጥ ሦስቱም መንገዶች ይደባለቃሉ። የመድኃኒቱ ጠባይም ይገባበታል። ጄንታማይሲን ውኃ በጣም ይወዳል። ውኃ በማይወድ ፖሊመር ውስጥ ሲገባ አይሟሟም፤ እንደ ፍርፋሪ ሆኖ ይቀመጣል። ውኃ ሲመጣ ፍርፋሪው ሟሙቶ ይወጣና ባዶ ቦታ ይተዋል። ባዶ ቦታዎቹ ከተገናኙ መተላለፊያ ይሆናሉ፣ የቀረውም በዚያው ይፈስሳል። ሪፋምፒሲን በተቃራኒው ውኃ ብዙም አይወድም፤ ከእንዲህ ያለ ፖሊመር ጋር ተስማምቶ ቀስ እያለ ይወጣል። አንድ ፊልም ውስጥ ሁለቱን ብንጨምር አንዱ ሲያልቅ ሌላው ገና ጉዞ ላይ ነው። ስለዚህ ለሁሉም አንቲባዮቲክ የሚሆን ፊልም የለም።

መጀመሪያ ላይ ዘርገፍ ማለቱ ብዙ ጊዜ እንደ ጉድለት ይቆጠራል። ለደም ግፊት ወይም ለሆርሞን መድኃኒት እውነትም ጉድለት ነው። ለኢንፌክሽን መከላከያ ግን አይመስለኝም። የገጽ ሽሚያው የሚወሰነው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው። ያኔ ብዙ መድኃኒት መኖሩ የምንፈልገው ነገር ነው። ችግሩ ያለው ጅራቱ፣ ማለትም መጨረሻ ላይ ጥቂት ጥቂት እያለ የሚወጣው መድኃኒት ላይ ነው።

ጅራቱ

በዚህ መስክ ከቀደሙት መካከል ጀርመናውያኑ ቡክሆልትስና ኤንገልብሬክት አሉበት። እ.ኤ.አ. በ1970 ጄንታማይሲንን ከአጥንት ሲሚንቶ ጋር ቀላቅለው መጠቀማቸውን አሳወቁ። የአጥንት ሲሚንቶ ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያን ከአጥንት ጋር የሚያያይዝ ፖሊመር ነው። ሲጠነክር ይሞቃል፤ ስለዚህ ሙቀት የሚችል አንቲባዮቲክ ያስፈልገዋል። ጄንታማይሲን ይህን ይችላል። በኋላም ከዚሁ ፖሊመር ትንንሽ ዶቃዎች ተሠርተው በክር ተሰክተው ኢንፌክሽን የያዘው አጥንት ውስጥ ይቀመጡ ጀመር። የቦታው የመድኃኒት መጠን በመርፌ ከሚገኘው እጅግ የላቀ፣ በደም ውስጥ ያለው ደግሞ ዝቅተኛ ሆነ። ብዙ ሰው ተጠቅሞበታል፤ ዛሬም ይሠራበታል።

ነገር ግን ይህ ፖሊመር አይፈርስም፣ ብዙም አያብጥም። መድኃኒት የሚወጣው ከገጹና ውኃ ሊደርስባቸው ከቻሉ ስንጥቆች ብቻ ነው። አብዛኛው ውስጡ ተቀብሮ ይቀራል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ጎርፍ ካለፈ በኋላ በጣም ጥቂት ጥቂት እያለ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራትና ከዚያ በላይ ይንጠባጠባል። ያ የሚንጠባጠበው መጠን ባክቴሪያ አይገድልም፤ ያስተምራል።

እያንዳንዱ አንቲባዮቲክ ለእያንዳንዱ ባክቴሪያ ዕድገቱን ለመግታት የሚበቃ ዝቅተኛ መጠን አለው። ከዚያ መጠን በታች ግን ቀረብ ብሎ የሚቆይ መድኃኒት ደካማዎቹን ያዳክማል፣ ትንሽ የመቋቋም አቅም ያላቸውን ይመርጣል። የተመረጡት ይራባሉ። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል ባደረገው ንግግር ይህንኑ አስጠንቅቋል፤ ለመግደል በማይበቃ ፔኒሲሊን ውስጥ ያደጉ ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን እንደሚላመዱ በቤተ ሙከራ ማሳየት ቀላል ነው ብሏል። መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደሞቱ ይገመታል። አንድ ዶዝ ሳይጨርስ የሚያቋርጥን ሰው እንመክራለን፤ ወራት ሙሉ የሚያንጠባጥብን ሽፋንም በዚያው ዓይን ማየት አለብን።

በዚያ ላይ መድኃኒቱን የጨረሰ የማይፈርስ ፖሊመር ራሱ ባዕድ ገጽ ነው። ጠባቂ ሆኖ ገብቶ የሽሚያ ሜዳ ይሆናል። ዶቃዎቹ ብዙ ጊዜ በሁለተኛ ቀዶ ጥገና የሚወጡትም ለዚህ ነው።

የሚፈርሱ ፖሊመሮች ተስፋ የሚሰጡት እዚህ ላይ ነው። አንድ በደንብ የተጠና ምሳሌ አለ። የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ የሚገባበት መረብ መሰል ከረጢት ነው፤ በሚፈርስ ፖሊመር የተሸፈነ ሆኖ ሚኖሳይክሊንና ሪፋምፒሲን ይዟል። መድኃኒቶቹ ቢያንስ ለሰባት ቀን ይወጣሉ፤ ከረጢቱ ራሱ በዘጠኝ ሳምንት ገደማ በሰውነት ይመጠጣል። ራፕ-ኢት የተባለው ጥናት ወደ 7,000 የሚጠጉ ታካሚዎችን አሳትፎ እ.ኤ.አ. በ2019 ታትሟል። በአንድ ዓመት ውስጥ ከባድ ኢንፌክሽን የደረሰባቸው ከረጢቱ ካልገባላቸው 1.2 በመቶ፣ ከገባላቸው ደግሞ 0.7 በመቶ ነበሩ። ልዩነቱ በቁጥር ሲታይ ትንሽ ነው። ነገር ግን ይህ ኢንፌክሽን የደረሰበት ሰው መሣሪያው ከነሽቦው ተነቅሎ መውጣት አለበት፤ ሽቦዎቹ ልብ ውስጥ ናቸው። ከመቶ ሰው ግማሽ ሰው ማዳን ያኔ ትልቅ ነገር ነው።

በጠርሙስ ውስጥና በሰው ውስጥ

ስለ አዲስ ፊልም የሚወጡ ዜናዎች ብዙውን ጊዜ የሚመጡት ከጠርሙስ ሙከራ ነው። ከፊልሙ ትንሽ ክብ ይቆረጥና በ37 ዲግሪ ሙቀት የሰውነትን ጨዋማነትና አሲድነት በሚመስል ፈሳሽ ውስጥ ይገባል። በየሰዓቱ፣ ኋላም በየቀኑ ከፈሳሹ ጥቂት እየተቀዳ ምን ያህል መድኃኒት እንደወጣ ይለካል። ሌላው ሙከራ ለዓይን የበለጠ ይናገራል። ባክቴሪያ በተዘራበት ጄል ላይ የፊልሙ ቁራጭ ይቀመጣል። በማግስቱ ሳህኑ በሙሉ በባክቴሪያ ደብዝዞ፣ በቁራጩ ዙሪያ ብቻ ጥርት ያለ ቀለበት ይታያል። ቁራጩ በየቀኑ ወደ አዲስ ሳህን ይዛወራል። ቀለበቱ ቀን በቀን እየጠበበ ይሄዳል፤ አንድ ቀን ባክቴሪያው ቁራጩ ጠርዝ ድረስ ይደርሳል።

ሁለቱን ሙከራዎች አብሮ ማየት ያስፈልጋል። መለኪያ መሣሪያው መድኃኒቱ መውጣቱን ይነግረናል፤ መሥራቱን የሚነግረን ግን ባክቴሪያው ነው። የፔኒሲሊን ቤተሰብ መድኃኒቶች ለምሳሌ እርጥበትና ሙቀት ውስጥ ለሳምንታት ሲቆዩ ይበላሻሉ። ፊልሙን ከጀርም ለማጽዳት የሚውለው የጋማ ጨረርም የፖሊመሩን ሰንሰለት ይቆራርጣል። ከጨረሩ በፊት የተለካ የመውጫ ፍጥነት ከጨረሩ በኋላ ላይደገም ይችላል።

ጠርሙሱ ደግሞ ሰው አይደለም። ጠርሙስ ውስጥ ፈሳሹ ብዙ ነው፣ ይናወጣል፣ ይቀየራል። ብረትና አጥንት መሐል ያለው ፈሳሽ ጥቂት ጠብታ ሊሆን ይችላል። ፕሮቲን ፊልሙ ላይ ይለጠፋል። የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት ከበውት አካባቢውን አሲዳማ ያደርጉታል። ስለዚህ "ለ30 ቀን አንቲባዮቲክ የሚለቅ ፊልም ተሠራ" የሚል ዜና ሳነብ በ30ኛው ቀን የሚወጣው መጠን ይገድላል ወይስ ያለማምዳል ብዬ እጠይቃለሁ። ደግሞም ከሚገድለው መጠን ወደ ዜሮ ለመውረድ ስንት ቀን ፈጀ? በ31ኛው ቀን ፖሊመሩ የት ነው? እነዚህ መልስ ካላገኙ 30 የሚለው ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግረኝም።

አንዳንድ ተመራማሪዎች ጥያቄውን ከሥሩ ለመቀየር እየሞከሩ ነው። ፊልሙ በሰዓት ሳይሆን በጥሪ እንዲሠራ ይፈልጋሉ። ባክቴሪያ ብቻ የሚያመርተው ኤንዛይም የሚቆርጠው ማያያዣ ይመረጥና መድኃኒቱ በእሱ ከፖሊመሩ ጋር ይታሰራል። ወይም ባክቴሪያ ሲበዛ የሚፈጠረው አሲድ ፊልሙን እንዲፈታው ይደረጋል። ባክቴሪያ ከሌለ መድኃኒት አይወጣም፤ ባክቴሪያው ካለቀ መውጣቱ ይቆማል። እንዲህ ከሆነ ጅራት የሚባል ነገር አይኖርም። አብዛኛው ገና በቤተ ሙከራና በእንስሳት ሙከራ ደረጃ ያለ ነው፤ እንቅፋቱም ግልጽ ነው። ማያያዣውን ለመቁረጥ የሚበቃ ኤንዛይም እስኪከማች ድረስ ባክቴሪያው ተራብቶ መስፈር ጀምሮ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው አንዳንዶቹ ሁለት ንብርብር የሚሠሩት፦ ላይኛው ወዲያው የሚዘረገፍ ነፃ መድኃኒት የያዘ፣ ታችኛው ጥሪ የሚጠብቅ።